የሜጀሩ አሳላፊ

የሰደበኝ የሺጥላ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ መስከረም አራት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፤ ቦታው ፎረስት ሎን፣ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ በዓል ሲመጣ የምንከራየው አዳራሽ፤ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል። ማይክሮፎን ይዞ ነበር። ያለ ማይክሮፎን የሰደበኝን አንዳንዱን ረስቼው ይሆናል። በማይክሮፎን የሰደበኝን ግን አንድም አልረሳሁም።

ለዘመን መለወጫው «አገራችን በእንግሊዞች የስለላ ልቦለድ ውስጥ» የሚል ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። የሺጥላ እዚሁ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣ ሰው ነው። በሐምሌ ሙቀት እንኳ ክርኑ ላይ ቆዳ የተሰፋበት የሱፍ ኮቱን አያወልቅም፤ ሲያስለው ራሱ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስለው። ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ አንድ ገጽ አነበበና በአማርኛ ተረጎመልን። በጣሊያን ጊዜ ከሱዳን ተነሥቶ የጎጃምን ቆላ የሚያቋርጥ እንግሊዛዊ ሰላይ አለ። ጋብሪ የሚባለው ሐበሻ አሽከሩ ውስኪውን ሲጠጣበት እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል። በአለንጋ ይለዋል። ከዚያ ለአንባቢው ምክር ይሰጣል፦ ውስኪህን የሚሰርቅ ሰው ነገ ካርታህን ይሸጣል። አዳራሹ ሳቀ። የሺጥላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሽ ደርበው፣ አንቱ አባቴ ከእንግሊዝ ሜጀር ጋር ዘምቷል ሲሉን አልኖሩም? ስማቸው ገብረመድኅን አይደል? እንኳን ደስ አለዎት፤ አገኘንልዎት።»

ያኔ ነው የእውነት የሳቁት። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሰው አንተ ብሎ ቢሰድብህ አንተ ብለህ ትመልሳለህ፤ በአንቱታ የተሰደበ ሰው ግን ምን ይላል? ሳምቡሳዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ይኸው ዛሬ አምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነው፤ ይኼንኑ እያመነዠግሁ በሁለት ኤ መንገድ ወደ ኦኮቶክስ እየነዳሁ ነው። ልጄ አርያም አጠገቤ ተቀምጣለች፤ መጽሐፉ ጭኗ ላይ ነው። ሞቃቱ የቺኑክ ነፋስ ከተራራው በኩል ተነሥቶ በረዶውን አቅልጦታል፤ መንገዱ ጭቃ ይረጫል፤ ኮሮላዬን አምና በረዶ ከወቀጠው ኮፈኗ ጋር ነፋሱ ወደ ጎን ይገፋታል። ከአንድ ልጄ በስተቀር የምሄድበትን የሚያውቅ የለም። መጽሐፉን የጻፈው አባቴ አብሮት የዘመተው ሜጀር ራሱ ነው፤ የምሄደው የልጅ ልጁ ቤት ነው። መጽሐፉ በመጪው ግንቦት እንደገና ሊታተም ነው። ከመታተሙ በፊት የአባቴን ስም ከሌብነት አወጣለሁ፤ ካልሆነም አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ ሌባ ሆኖ ገበያ ላይ ይወጣል። ጉዳዩ ይኼው ነው።

ቂመኛ ነህ ይሉኛል። ነኝ። በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት፣ ታክሲ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ የጥሪ ክፍሉ ሰውዬ በሬዲዮ «እናንተ ሰዎች ካርታ ማንበብ አትችሉም» ያለኝን ቃል በቃል እችለዋለሁ። ከተማውን እሱ ከተወለደበት ሰፈር ጀምሮ በሌሊትም በቀንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ኮራል ስፕሪንግስ፣ ሐይቅ ዳር፣ የአንድ ሰው ቤት ግብዣ ተጠርቼ፣ ባለቤቱ ሐይቁን ለእንግዶች ሲያሳይ እኔን «የእኛ ሾፌር» ብሎ ያስተዋወቀኝንም እችለዋለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ማስታወስ ግን ማንም አላስቆመኝም።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ የሺጥላ ያላነበበውን።

አባቴ ገብረመድኅን ሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሲገባ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። ያደገው በአንድ ፊታውራሪ ቤት ነው፤ ሥራውም ጠጅ አሳላፊነት። አሳላፊ ማለት ዛሬ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን እንደሚያመላልሰው አይደለም። ነፍስ ጠባቂ ነው። ለጌታው ጠጅ ሲያቀርብ፣ ጌታው እያየው፣ በግራ መዳፉ ጠብ ያደርግና ይቀምሳል። መርዝ ካለበት እሱ ይወድቃል፤ ጌታው ይተርፋል። ሳይቀምስ ያቀረበ አሳላፊ አንድም ባለጌ ነው፣ አንድም ገዳይ ነው። አባቴ ይኼን ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል። በዚያ ቤት ሁለት ሰው በመርዝ ሊሞት ሲል አድኗል፤ በዚህም የተነሣ ሆዱ ዕድሜውን ሙሉ ደኅና አልነበረም። በርበሬ አይችልም ነበር። ሐበሻ ሆኖ አልጫ ብቻ የሚበላ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

እንግሊዞቹ ከሱዳን በኩል ግመል ጭነው ሲገቡ ፊታውራሪው ጫካ ነበሩ። ለአርበኞቹ የሬዲዮ መገናኛ ይዞ ወደ ደጋው የሚወጣ አንድ ሜጀር መጣ። የመስክ መነጽር፣ ታጣፊ የሸራ አልጋ፣ በቆዳ የተለበጠ የብር የውስኪ ኮዳ፣ ደግሞም አምስት ሰው የሚታጠብበት የሚያህል ታጣፊ የጎማ ገንዳ፤ ለገንዳው ብቻ አንድ በቅሎ። ፊታውራሪው ይኼን ሁሉ አዩና ሰውዬው አገሩን እንደማያውቅ ገባቸው። ያላቸውን ትልቁን ስጦታ ሰጡት፦ አሳላፊያቸውን። ይኼ ሰው የቀመሰውን ጠጣ፣ ያልቀመሰውን አትንካ ብለው ለአስተርጓሚው ነገሩት። አስተርጓሚው ረጅም ነገር መተርጎም የማይወድ ሰው ነበር፤ ያገለግልሃል አለው፤ አለቀ።

በመጀመሪያው ቀን ጉዞ ማብቂያ ላይ ሜጀሩ ኮዳውን እንዲያመጣለት በእጁ አመለከተ። አባቴ ውስኪ አይቶ አያውቅም። ከፈተና አሸተተው፤ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። እንዲያውም በጣም ጠረጠረ። በክዳኑ ቀዳ፤ ጌታው ፊት ቆመ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ በመዳፉ ጠብ አደረገና ቀመሰ። ጉሮሮው ተቃጠለ፤ ፊቱ ተጨማደደ። ቀና ሲል አለንጋው ከቅንድቡ በላይ አረፈ። እስከ ዕለተ ሞቱ የነበረው ጠባሳ የዚያ ነው። ሜጀሩ ጮኸ፤ አስተርጓሚው ከግመሎቹ ኋላ ተጠርቶ መጣና ከእንግዲህ አፍህን ወደ ጌታዬ መጠጥ ብታስጠጋ ወዮልህ ብሎሃል አለው። አባቴ ምክንያቱን አስረዳው። አስተርጓሚው ይኼንንም አልተረጎመም፤ ራቱ ደርሶበት ነበር።

እኔ ብሆን ኖሮ በዚያው ተነሥቼ እሄድ ነበር። አባቴ አልሄደም። ፊታውራሪው ሰጥተውኛል፣ ሰው አደራ ከተባለ አደራ ነው አለ። ደሙን በነጠላው ጫፍ ጠረገና ክዳኑን አጥቦ እንደገና ቀዳለት።

በሦስተኛው ቀን ቆላው አልቆ ደጋው ሲጀምር አንድ ግራዝማች ሊቀበላቸው ወጣ። ጣሊያን ካባ ያለበሰው ሰው ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ካባውን ገልብጦ መጣ። ዳስ አስጥሏል፤ ፍሪዳ ጥሏል። ጠጁ በብርሌ ሆኖ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ቀረበ። የግራዝማቹ አሳላፊ ብርሌውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሜጀሩ ሄደ። አልቀመሰም። ዳሱ ውስጥ መቶ ሰው ነበር፤ ያየው አባቴ ብቻ ነው። አሳላፊ መሳሳት ይችላል፤ ጠጅ ያፈስሳል፣ ብርሌ ይሰብራል፤ ሳይቀምስ ግን አያቀርብም። እጁ ቢረሳ እንኳ እግሩ አይረሳም፤ ጌታው ፊት ሲደርስ ይቆማል።

አባቴ ተነሥቶ መሐል ገባና ብርሌውን ከሰውዬው እጅ ወሰደው። ሜጀሩ አየው፤ እጁ አለንጋው ላይ አረፈ። መጽሐፉ ላይ ጋብሪ ዓይን ለዓይን ማየት የማይችል፣ ሌብነቱ ከዓይኑ የሚታወቅ ሰው ነው ተብሏል። በእኛ ቤት ደግሞ ጌታ ፊት ዓይንን መስበር አደብ ነው። ያን ቀን ግን አባቴ ቀና ብሎ አየው። እንደዚያ እያየው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ጠጣ። ቆየ። ጣዕሙ አጠራጠረው፤ ደገመ። ከማሩ በታች ሌላ ነገር አለ። ብርሌውን መቶ ሰው ፊት መሬት ላይ ደፋው። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ ሲንቀጫቀጭ፣ ሰው ሲጋፋ፣ በቅሎ ሲጫን ትዝ ይለዋል። በቅሎው እግር ሥር መውደቁም ትዝ ይለዋል። ሲነቃ አንዲት የማያውቃት ሴት ጎጆ ውስጥ ነው። እንግሊዞቹ የሉም። ከዚያ በኋላ ደብዳቤም፣ ሰላምታም፣ ኒሻንም አልመጣለትም።

አባቴ ይኼን ሲያወራ አይቆጣም ነበር። እኔ ነኝ በእሱ ፈንታ የምቆጣው።

አርያም መጀመሪያ የየሺጥላን ነገር ስነግራት፣ «አባዬ፣ ፊክሽን እኮ ነው፤ ሌት ኢት ጎ» ብላኝ ነበር። የቤት ለቤት ነርስ ናት፤ ከሽፍት ስትመጣ ይደክማታል። እንግሊዝኛ መናገር አያቅተኝም፤ ወደ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው እንግሊዝኛ አያቅተውም። መጽሐፍ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ለምኛት የበረዶውን ወራት ሙሉ አነበበችልኝ። እሱን ስንጨርስ የዚያ ዓይነት ሌሎች ከላይብረሪ አመጣች። አራተኛው ላይ ስትደርስ እሷም መቆጣት ጀመረች፤ ራት እየበላን ሳለ በድንገት ማንኪያዋን አስቀምጣ ስለ አንዱ ገጸ ባሕርይ ስትሳደብ ሰምቻታለሁ።

እነዚህን መጻሕፍት አልናቅኳቸውም። አንዴ ከያዙህ አይለቁህም፤ አርያም ሲደክማት እኔ ነበርኩ አንድ ምዕራፍ ጨምሪ የምላት። ግን ሕጋቸው ገባኝ። ጀግናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ ሰው የሚለየው በጫማውና በአነጋገሩ ነው። ጠላቱ ሽቶ ይቀባል፣ እንግሊዝኛው ያነክሳል፣ እናቱ ከየት እንደሆነች አትታወቅም። የአገሬው ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ አንድም እንደ ውሻ ታማኝ፣ አንድም ሌባ፤ ሦስተኛ የለም። እንግሊዙ ሲዋሽ ሰላይ ይባላል፤ የእኛ ሰው ሲዋሽ ሐበሻ ይባላል። እንግሊዙ ጀላቢያ ለብሶ ፊቱን በለውዝ ቅርፊት አጥቁሮ ገበያ ሲገባ የሚያውቀው አይገኝም፤ የእኛ ሰው ኮት ሲለብስ ግን ከመቶ ሜትር አስመሳይ መሆኑ ይታወቃል። አገሩን የሚያድነው ሰው ከአገሩ በቀር ሁሉን ይንቃል። ጽፈውት፣ ሸጠውት፣ ደግሞ እኛው ገዝተን ማይክሮፎን ይዘን አነበብነው። ያናደደኝ እንዲያውም ይኼኛው ነው። ሜጀሩ አገሩ ሆኖ ለሰዎቹ ጻፈ። የሺጥላን ምን ይሉታል?

ቤቱን አገኘነው። ከከተማው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ያለ ግራጫ የእንጨት ቤት ነው፤ በሩ ላይ የሜጀሩ የልጅ ልጅ፣ ሊዮን ራሱ፣ ቆሞ ይጠብቀናል። ስድሳ የሚሆነው ረጅም ሰው፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ ፊቱ ገር የሆነ። ሊጠላ የሚመች ሰው አልነበረም፤ ይኼም አናደደኝ። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ነፋሱ መንገድ ላይ አስቸግሮን እንደሆነ ጠየቀ፤ ጫማችሁን አታውልቁ አለ። አወለቅን።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ፎቶ አለ። ለእናትየው ለንግሥቲቱ እኔም እጄን አንሥቼ ምያለሁ፣ የካናዳ ዜግነት ስወስድ፤ ለእሷም ለወራሾቿም ታማኝ እሆናለሁ ብያለሁ። ከሊዮን ጋር የአንድ ንጉሥ ሰዎች ነን ማለት ነው። ከጎኑ ሜጀሩ አለ፤ ቁምጣ ለብሶ፣ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ አድርጎ። ሰባ ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ሰምቼ መልኩን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጆሮው ትልቅ ነበር። ይኼን አባቴ አልነገረኝም።

ሻይ ቀረበ። ሊዮን እንግሊዝኛው ውስጥ አንተና አንቱ ባይኖርም አነጋገሩ የአንቱ ነው፤ እንደዚያው አድርጌ ልጻፈው። የአርያምን ኢሜል ካነበበ በኋላ የአያቱን ሣጥን ምድር ቤት ወርዶ እንደፈተሸና የጉዞ ማስታወሻ ደብተሩን እንዳገኘ ነገረን። በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ አይጥ የበላው ትንሽ ደብተር ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አልከፈተውም። ከጎኑ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አኖረ። ከዚያ ስለ ወረቀቱ ማውራት ጀመረ።

አሳታሚው ተስማምቷል አለ፤ ጋብሪ የሚለው ስም ይወጣል፤ በምትኩ ሌላ የማንም ያልሆነ ስም ይገባል። ለዚህ እኔ የምፈርመው ይኼ ነው፦ ገጸ ባሕርዩ በአእምሮ የተፈጠረ መሆኑን አምናለሁ፤ ቤተሰቡም ከእንግዲህ ጥያቄ አያነሣም። አርያም ወረቀቱን አነሣችና ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አነበበችው። ፊቷን ሳይ ወረቀቱ እንዳልጣማት ገባኝ።

ደብተሩ ውስጥ ምን አለ አልኩት።

ሊዮን ወደ መስኮቱ አየ። ከሕትመቱ ጋር የሚገናኝ ነገር አይደለም አለ። አነበብከው ወይ አልኩት። አነበብኩት አለ። እንግዲያው አንብብልኝ፤ የአባቴ ነገር ከሆነ የእኔም ነው አልኩት። አርያም «አባዬ፣ እኔ ላነብልህ እችላለሁ» አለችኝ። አይደለም፣ እሱ ነው የሚያነበው፣ በአያቱ አፍ እንድሰማው ነው የምፈልገው አልኳት። በአማርኛ ስለተናገርኩ ሊዮን አልሰማም፤ ግን የተባለው ገባው መሰለኝ። መነጽሩን አጠለቀ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ሊጀምር ሲል ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቆመህ አንብብ አልኩት። አርያም ደነገጠች። ሊዮን ተነሥቶ ቆመ።

ያነበበውን አርያም በኋላ ጽፋልኛለች፤ እነሆ፦

«ግራዝማቹ ያቀረበውን ጠጅ ገብረመድኅን ትእዛዜን ጥሶ ቀመሰው፤ ከዚያም መሬት ላይ ደፋው። ከሰዓት በኋላ ራሱን ሳተ። ገንዳዬን ጥለን እሱን በበቅሎው ጫንን። በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ከፈተና አንተ ጠጥተሃል ወይ ሲል በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀኝ። አልጠጣሁም አልኩት። ተኛ። ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለምትኖር ሴት አደራ ሰጥተን ሄድን። ስለ ልማዱ ዛሬ ተረዳሁ። በአለንጋ የመታሁት ያለ ጥፋቱ ነው።»

ሊዮን እዚህ ላይ ቆመ። የቀረ አለ አይደል አልኩት፤ ዓይኑ ገጹ ግርጌ ላይ ስለቀረ ነው። አለ አለኝ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ቀለም የተጻፈ ነው።

«ለመጽሐፉ አይሆንም። አሽከሩ ያተረፈውን ሰላይ ማን ገዝቶ ያነባል?»

ሊዮን መነጽሩን አወለቀ። ነፋሱ የጣራውን ጠርዝ ይነካካል።

ሙሉ ስሙን ጽፎታል፤ ጋብሪ አላለውም። ገብረመድኅን ብሎ መጻፍ ይችል ነበር ማለት ነው። ገንዳውንም ጥሎለታል፤ አባቴ ይኼን ሳያውቅ ሞተ፤ እንደ ዕቃ መንገድ ላይ የተዉት እየመሰለው ኖረ። ሁለት ቀን በቅሎ ላይ ጭኖ ያወረደው ሰው ነው እንግዲህ ለንደን ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ አባቴን ሌባ፣ ሰካራም፣ ከሃዲ ብሎ የጻፈው። ሳያውቅ ቢጽፈው ይሻለኝ ነበር። ሳያውቅ የሰደበ ሰው አለማወቁ ነው የሰደበህ።

ሊዮንን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። ይኼ ገጽ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ይግባ። ስሙን አትንኩት፤ ሌባም ብላችሁ ተዉት፤ ይኼ ገጽ ብቻ ከፊት ይቅደም፤ ያነበበ ራሱ ይፍረድ። ሊዮን ራሱን ነቀነቀ። እኔም ይኼንኑ ጠይቄአቸው ነበር አለ፤ አምነዋለሁ። አሳታሚው ግን ይኼን መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ጀግናውን ፈልጎ ነው የሚገዛው ብሎ መለሰ፤ የውስኪውና የካርታው አባባል እንዲያውም የጀርባው ሽፋን ላይ በትልቁ ታትሟል። እህቱም ደብተሩ ከቤት እንዳይወጣ ትፈልጋለች። አያታቸው ነው። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ ልቦለድ መሆኑን አስታወሰኝ። በልቦለድ ውስጥ አንድ ሰው ሌባ መሆን አለበት አለኝ።

«ስሙን ብትቀይሩት ሌባው ሐበሻ እንደሆነ ይቀራል፤ የሚጠፋው የማን አባት እንደሆነ ነው» አልኩት። «ልቦለድ ከሆነ ደግሞ እኔም ልቦለድ እጽፋለሁ። በእኔ ልቦለድ አያትህ ሌባ አይደለም። ፈሪ ነው።»

አርያም አልተረጎመችውም፤ በእንግሊዝኛ ነው የነገርኩት፤ የታክሲ እንግሊዝኛ ቢሆንም ደርሶታል። ጆሮው ቀላ። የአያቱ ጆሮ ነው።

አልተቆጣም። ይልቁንም እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ በቀስታ፣ ለታመመ ሰው ውኃ እንደሚያቀርብ ሰው። ካልፈረምኩ ጋብሪ የሚለው ስም እንዳለ ይታተማል፤ ለማስቆም ሕጋዊ መንገድ የለም፤ እሱ ሊያደርግልኝ የሚችለው ይኼን ብቻ ነው። ስሙ እንዲወጣ አይደለም ወይ የመጣችሁት አለ። እውነቱን ነው፤ ስነሣ ለዚያ ነበር የመጣሁት። ጠዋት መኪናዬን ሳሞቅ ይኼን ወረቀት ቢሰጡኝ ኖሮ ኮፈኑ ላይ አስደግፌ ፈርሜ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። የሺጥላን አዳራሽ ውስጥ ጠብቄ፣ የታል ጋብሪህ፣ አሳየኝ እለው ነበር።

አርያም ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። «አባዬ፣ ያንተ ዲሲዥን ነው» አለች። «ግን እኔን ከጠየቅከኝ፣ የአያቴን ስም ለምንድን ነው የምናስፍቀው? እውነቱን ደብቆ የኖረው እኮ ሜጀሩ ነው።»

እስክሪብቶውን አንሥቼ ደብተሩ ላይ አጋደምኩት። ወረቀቱን አልቀደድኩትም፤ ስቀድ ቢያየኝ ግድግዳው ላይ ያለው ሜጀር ደስ ይለው ነበር፤ ቁጡ የአገሬው ሰው በመጽሐፋቸው ሞልቷል። ሻዩን አመሰገንኩ። ወደ በሩ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ሰባ ዓመት ሲሞላህ ጫማ ማሰር ጊዜ ይወስዳል፤ አርያም ልትረዳኝ ስትል ተይ አልኳት። ሊዮን ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ደብተሩን እንደያዘ ነው። ጣቱን ገጹ መሐል አድርጎ አልዘጋውም።

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ለአሳታሚው አልነበረም፣ ለእህቱም አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

«ሚስተር ደርበው፣ አባትዎ ከመሞታቸው በፊት ይቅር ብለውት ነበር?»

ቀና አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። በአንድ ቃል ይመለሳል፤ ይኼ ሰው ያቺን ቃል ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ተኝቶ ያድራል፤ ካልሰማትም አይተኛም። ቃሏን ለራሴ አስቀርቼ ኮቴን ቆለፍኩ። በሩን ከፈትኩ። ነፋሱ ፊቴን መታው፤ አርያም ኋላዬ ወጣች፤ የቀለጠውን በረዶ እየረገጥን ወደ መኪናው ሄድን።